ፍሪጁን ማስለቀስ

ሊፍቱ የቆመ ዕለት እኔም አብሬ ቆምኩ።

አምስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ጉልበቶቼ ደግሞ ከኔ ቀድመው ጡረታ ወጥተዋል። የሕንፃው ኃላፊ፣ ያ የቁልፍ መዓት ወገቡ ላይ እያንቃጨለ የሚሄደው ሰውዬ፣ «በሦስት ቀን ውስጥ ይሠራል፣ እማማ» አለኝ። ሦስት ቀኑ ሦስት ወር ሞላው። ሲያንቃጭል እሰማና በደረጃው በኩል አንገቴን አውጥቼ «አንተ ሰውዬ!» ስለው፣ ቁልፎቹን በእጁ ጭብጥ አድርጎ ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል።

ዳቦ ይመጣልኛል። መድኃኒት ይመጣልኛል። የማይመጣልኝ ወሬ ነው። ወሬ ደረጃ ሲወጣ ይደክመዋል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ቀዝቅዞ፣ ጣዕሙ ጠፍቶ፣ ግማሹ ሦስተኛ ፎቅ ቀርቶ ነው። ታች መግቢያው በር አጠገብ አንዲት የሲሚንቶ አግዳሚ አለች። እሷ ላይ የተቀመጠ ሰው ማን ከማን ጋር እንደወጣ፣ ማን በምን ፊት እንደተመለሰ፣ የማን ሶፋ እንደገባ የማን እንደወጣ ያያል። እኔ በመስኮቴ የማየው የሰው አናት ነው። ከአናት ምን ወሬ ይወጣል? ሰውዬው መመለጥ ጀምሯል፣ አለቀ።

ግራውንድ ላይ፣ ልክ አግዳሚዋ ፊት ለፊት፣ መስኮቷ የሚከፈት ቤት አለች። የሟች እህቴ ቤት ናት፤ አሁን የሚኖርባት ልጇ ነው። ወንደላጤ ነው። ጉልበቱ የፈረስ ነው፣ ደረጃ በሁለት በሁለት ነው የሚወጣው። እኔ እዛ፣ እሱ እዚህ ብንሆን ማን ይጎዳል? ማንም። ችግሩ ያ ልጅ ፍሪጁ መሆኑ ነው።

ፍሪጁ ነው የምንለው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አልናገርም፣ እኔ ግን እዛው ነበርኩ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ሲከፍቱት ግን መብራት ይበራል። ፈገግ ሲልማ ሴቱ ሁሉ የመጣበትን ረስቶ ይቀራል። በሩ ሲዘጋ መብራቱ ይጥፋ አይጥፋ ግን ያየ የለም። እናቱ የሞተች ቀን ሰው ሁሉ ሲላቀስ እሱ ወንበር ይቆጥር ነበር። መጥቶ በጆሮዬ «አክስቴ፣ ሁለት ይጎድላል» አለኝ።

እንግዲህ ይሄን ነው አስጠርቼ የለመንኩት።

«ልጄ፣ እናትህ ብትኖር ኖሮ...»

«የለችም» አለኝ።

«ብትኖር ነው ያልኩህ!»

«ብትኖር ቤቱ የሷ ይሆን ነበር፣ እኔን አትለምኚኝም ነበር።»

ጉልበቴን ገልጬ አሳየሁት። አጎንብሶ፣ ልክ የተነፈሰ ጎማ እንደሚያይ ሰው፣ ዞር ዞር ብሎ አየው። «አብጧል» አለ።

«አየህልኝ? ቁጭ ብዬ ስነሳ ነፍሴ ነው የምትወጣው!»

«ታዲያ ለኔ ምን ያደርግልኛል? ሐኪም አይደለሁ።»

ለቅሶም ሞከርኩ፤ ስጨርስ መሐረብ ሰጠኝ፣ የራሴን መሐረብ። ሲቸግረኝ ወደ እርግማን ዞርኩ። «እኔን የያዘኝ ቁርጥማት አንተንም ይያዝህና ደረጃ መውጣት ያሳጣህ!»

«እኔ እኮ ግራውንድ ነኝ» አለ፣ ተነስቶ ሄደ።

ሰው እንዲህ አንጀት የለውም? ደግሞ አንጀት ያለው ሰው ጠፍቶ አይደለም። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ፣ አልቃሻዋ የምንላት፣ በየቀኑ ትመጣ ነበር። ጉልበቴን አቅፋ «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ትላለች፣ ቀሚሴ እስኪርስ ታለቅሳለች። አንድ ቀን «ልጄ፣ በሳምንት አንዴ እንኳ ደግፈሽኝ ብወርድስ?» ብላት «ውይ እማማ! እኔ እርስዎ በዛ ደረጃ ሲሰቃዩ ማየት እችላለሁ? ልቤ አይችልም!» ብላ ልቧን በእጇ ይዛ ብቻዋን ወረደች።

ቅዳሜ የልጄ ልጅ መጣች። ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ነገር ነው የምታጠናው፣ ገና ሁለተኛ ዓመት ናት፣ ግን ሰው ሁሉ በሽተኛ መስሎ ይታያታል። የፍሪጁን ነገር ስነግራት ስልኳን አውጥታ ትጠይቀኝ ጀመር።

«ያፍራል?»

«ምን ሲደረግ!»

«አጥፍቶ ይጸጸታል?»

«ያጠፋ መሆኑን ካልነገሩት አያውቅም። ቢነግሩትም ይከራከራል።»

«ይፈራል? ሰው ሲፈራስ ያውቃል?»

«አንድ ቀን እንኳ ደንግጦ አላየሁትም። አንድ ጊዜ ውሻ ሲያባርረን እሱ ቆሞ ውሻውን ሲያይ ውሻው አፍሮ ተመለሰ።»

ስልኳን አስቀመጠች። «እማማ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እንዲህ ነው ብዬ አልፈርድበትም። ግን ሳይኮፓቲ የሚባለውን ይመስላል።»

«ይገላል እንዴ?!»

«ኧረ ሁሉም አይገልም። ብዙው ቢሮ ነው የሚሠራው።» ከዛ አስረዳችኝ። እኛ ሰው ሲታመም ሕመሙ እኛም ጋ ይደውላል፤ እሱ ጋ ኔትወርክ የለም። እኛ ስንሰጥ ውስጣችን ደስ ይለዋል፤ እሱ ሲሰጥ የሚያየው ዕቃው መጉደሉን ነው። «ስለዚህ አትለምኚው፣ አታልቅሺበት። የሚሰጠው ለራሱ የሚረባው ነገር ካገኘ ነው።»

እኔ ምን አለኝ ለሱ የሚረባ? ይሄን እያሰብኩ ሳለሁ ፍሪጁ በአራተኛው ቀን ራሱ መጣ፣ ሳልጠራው። በሩን ዘግቶ ተቀመጠና «አክስቴ፣ ሰው ሲያዝን ምን ይባላል?» አለኝ።

ጆሮዬን ነው ያላመንኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ብስኩት ፋብሪካ የፈረቃ አለቃ ነው። ፊሽካ አለችው፣ ሃያ ስምንት ሰው በፊሽካዋ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ሠራተኞቹ ፈርመው ከሰውታል። ሥራ አስኪያጁ «በዚህ አንድ ወር ውስጥ ከሰው ጋር ካልተስማማህ ወደ መጋገሪያ ክፍል ትመለሳለህ» ብሎታል። ፍሪጅ መጋገሪያ ሲገባ አስቡት እንግዲህ።

«ምን አድርገሃቸው ነው?»

«ምንም። የማሸጊያዋ ሠራተኛ አባቷ ሞቶ መጣች።»

«እሺ፣ ምን አልካት?»

«እንግዲህ ማስታመሙ ስለቀረልሽ ከነገ ጀምሮ በጊዜ ትገቢያለሽ አልኳት።»

ራሴን ያዝኩ።

«ምነው? ልክ አይደለም?»

«ልክ ነው እንጂ! ልክ መሆኑ ነው ጥፋቱ!»

ያኔ ገባኝ። እኔ ያለኝ ይሄ ነው! የሰው ፊት ማንበብ፣ መቼ «ውይ» እንደሚባል፣ መቼ ዝም እንደሚባል ማወቅ። ሰባ ዓመት ሌላ ምን ሠራሁ? «አስተምርሃለሁ» አልኩት። «አለቃ ሆነህ ቀጥል የሚል ደብዳቤ በተሰጠህ ቀን ግን ቤት እንለዋወጣለን።» እጁን ሰጠኝ፣ መብራቱም በራ።

በማግስቱ ደብተር በማስመሪያ አስምሮ መጣ። መጀመሪያ ፊት ነው ያስተማርኩት። ቅንድቤን ሰብስቤ፣ ከንፈሬን ጥዬ «ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

አየኝ፣ አየኝ። «ጥርስሽን ነው?»

«አዝኜ ነው!»

ዓይኔን አፍጥጬ አፌን ከፈትኩ። «ይሄስ?»

«ልታስነጥሺ ነው።»

ፊቱን ትተን ወደ ቃሉ ሄድን። «እናቴ ታማለች ብትልህ ምን ትላለህ?»

«መቼ ትድናለች?»

«አይደለም! ‹ውይ› ነው የምትለው።»

«ውይ» አለና ጻፈ። «ከዛስ?»

«ከዛ ዝም።»

«ለስንት ሰከንድ?»

«አንድ ትንፋሽ እስክትተነፍስ። ከዛ ‹አይዞሽ›።»

ደብተሩ ላይ በቀይ አሰፈረው፦ ውይ፣ አንድ ትንፋሽ፣ አይዞሽ። አሥር ጊዜ አስደገምኩት። መጀመሪያ ላይ «ውይ» ሲል እግሩን በር የቆረጠው ይመስል ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን እኔ ራሴ ልቤ ቅልጥ አለ።

የቀረው እንባ ነው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ ልቡ ለማይሠራስ? «የሚያሳዝንህን ነገር አስብ» አልኩት።

ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አሰበ። «የለም።»

«እናትህን አስብ!»

«አሰብኳት። አሮጊት ነበረች።»

«እሺ ያጣኸው ነገር የለም? አንድ ነገር?»

ደብተሩን አጠፈ። ከዛ ድምፁ ወረደ። «አንድ ጊዜ ጥሩ ጃንጥላ ጠፍቶብኛል። ጥቁር፣ እጀታው እንጨት። አውቶቡስ ላይ ረሳሁት።»

«እሱን አስብ!»

ዓይኑ ሞላ። እውነቴን ነው፣ ሁለት እንባ፣ እንደ ባቄላ ድብልብል ያሉ፣ ጉንጩን ይዘው ወረዱ። እናቱን ሲቀብር ወንበር የቆጠረ ሰው ለጃንጥላ አለቀሰ! እኔም አላፈርኩም፣ «ጎበዝ!» አልኩት።

ፋብሪካው ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሳሳተው። መንታ የወለደች ሠራተኛ ስትመለስ የተሳሳተ ገጽ ገልጦ «ውይ» አላት። አንድ ትንፋሽ ጠበቀ። «አይዞሽ።» ሴትየዋ ሦስት ወር እንቅልፍ ያላየች ናት፣ እየሳቀች አለቀሰች፤ «የገባው እሱ ብቻ ነው» ብላ ለሃያ ሰባቱም አወራች። ከዛ በኋላ የፈረቃው የዓይን ብሌን ሆነ። የታመመውም፣ ባሏ ያስቸገራትም፣ ሁሉም ፍሪጁ ጋ።

በወሩ ደብዳቤውን ሰጡት። እኔም ድስቶቼን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ፍራሼን አስሬ፣ የልጄን ልጅ ለዕቃ ጠርቼ ጠበቅሁት። መጣ። ከጥቅሎቹ መሐል ተቀመጠ።

«ውይ» አለ።

አንድ ትንፋሽ።

«አክስቴ... ያ መኝታ ቤት እናቴ የተኛችበት ነው። ከዛ ስወጣ እሷን ለሁለተኛ ጊዜ የምቀብራት ይመስለኛል።» እንባው ዱብ፣ ዱብ።

እህቴ! ፊቷ ድቅን አለብኝ። «ተወው ልጄ! ተወው! እኔ አሮጊቷ ምን ቀረኝ፣ እዚሁ ልሙት!» ብዬ አንገቱን አቅፌ ተንሰቀሰቅሁ። እሱ ከእቅፌ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ፊቱን ጠረገ፣ ሄደ።

የልጄ ልጅ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። «እማማ፣ ምን ማድረግሽ ነው?»

«እንባውን አላየሽም እንዴ?»

«እማማ! እሱ እኮ ጃንጥላው ነው!»

እውነቷን ነው። ደግሞ እህቴ በዛ መኝታ ቤት ተኝታ አታውቅም፤ ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር የምትተኛው፣ ወሬ እንዳያመልጣት። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት! ሰው የሚገድልበት ቢላ ባይኖረው፣ እኔ ስዬ ሰጠሁት ማለት ነው። ድስቶቼን አንድ በአንድ ስፈታ ጋዜጣው ላይ ያለውን ፎቶ ሁሉ እየተሳደብኩ ነበር።

ግን ትምህርቱ መች አለቀ? ያስተማርኩት ሐዘንና ሕመም ብቻ ነው። በሳምንቱ ደብተሩን ይዞ ከተፍ አለ። የመጋገሪያው ሽማግሌ ጡረታ ሊወጡ ነው፣ አለቃው ንግግር ያድርግ ተብሏል።

«ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል» አልኩት።

«ለምን?»

«መምህርቷ ግራውንድ ካልወረደች አታስተምርም።»

ጃንጥላውን ሞከረ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስንጥቁን በዓይኔ ተከተልኩ። ጥቂት ጠብቆ፣ እንዳላየሁት ሲገባው፣ ዓይኑ ወዲያው ደረቀ። እንደ ቧንቧ ነው የሚዘጋው።

«መውረድ ነው የምትፈልጊው ወይስ ቤቴን?»

«መውረድ! ቤትህን ምን አባቱ ላርገው!»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምንድነው? ሊፍቱን ማሠራት ነዋ» አለ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወረደ።

በነጋታው ከምሳ በኋላ በሬ ተንኳኳ። አልቃሻዋ ናት፣ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ከኋላዋ የአራተኛ ፎቅ ባልና ሚስት። ከነሱ ኋላ የሦስተኛ ፎቁ መምህር፣ ኮፍያውን አውልቆ። ሁሉም በእግር ጣታቸው ነው የሚገቡት።

«እማማ፣ ተኙ፣ ተኙ፣ አይነሱ!»

ፍሪጁ ሕንፃውን በሙሉ፣ በር በር እያንኳኳ፣ «ውይ፣ አክስቴ ብዙ አትቆይም፣ ምኞቷ አንዴ ወርዳ ፀሐይ ማየት ነው» ብሎ ሲያለቅስ ነው የዋለው! በቁሜ ገደለኝ! ልናገር አፌን ከፈትኩና... ቆይ አልኩ። ፍራሹ ላይ ተጋደምኩ። ትንሽ ሳልኩ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ለሚሞት ሰው የማይነገር ነገር የለም። መምህሩ እጄን ይዞ ለአሥራ ስድስት ዓመት ድምፄን ጠልቶት እንደኖረ ነገረኝ። የአራተኛ ፎቋ ሚስት ባሏን ውኃ አምጣ ብላ ላከችና ትክክለኛ ዕድሜዋን ነገረችኝ፤ ሰባት ዓመት ደብቃለች! ባሏ ሲመለስ እሷን ወደ በሩ ልኮ እሱም ዕድሜዋን እንደሚያውቅ ነገረኝ። የሦስት ወር ረሃቤ በአንድ ከሰዓት ጠገበ። መጨረሻ ላይ አልቃሻዋ እግሬ ሥር ወደቀች።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ! ሊፍቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ! ቁም ሳጥን ላስገባ ብዬ በሩን በጉልበት ስገፋው ነው!»

ለካ ያ ሁሉ እንባ የሚፈሰው ከዛ ነው! ሦስት ወር ጉልበቴን አቅፋ ያለቀሰችው ለቁም ሳጥኗ ነው! ብድግ ብዬ ባንቃት ደስ ባለኝ፤ ግን ሟች ነኝና እጄን ጭንቅላቷ ላይ ጭኜ «ይቅር» አልኳት። ትንሽ ጫን አድርጌ።

የሕንፃው ኃላፊ በሩ ላይ ቆሟል፣ ቁልፎቹን ጨብጦ። የሰው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን ሊፍት ሠሪው ከነመሣሪያ ሳጥኑ መጣ።

ፍሪጁ ሊወስደኝ መጥቶ «በይ ውጪ» አለኝ።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ነህ! በሕይወቴ አለሁ፣ ሰው ሁሉ አለቀሰልኝ እኮ!»

«ሠርቷል አይደል? ንግግሩ ዛሬ ነው። እየወረድን አስተምሪኝ።»

ሊፍቱ ገባን። አምስት፣ አራት... ከሦስተኛው ወረድ እንዳለ ግጭ! አለና ቆመ። መብራቱ ብልጭ ብሎ ደከመ። እኔ ግድግዳውን ይዤ መጮኽ ጀመርኩ፤ አሁንስ የእውነቴን ሞትኩ! ከውጭ ሠሪው «አሥር ደቂቃ ታገሱ!» ይላል። ፍሪጁ ልክ ሶፋ ላይ እንዳለ ሰው ተደግፎ ፊቴን ያያል።

«ይሄ ምን የሚባለው ፊት ነው?»

«ፍርሃት! ፍርሃት ነው አንተ ግዑዝ!»

ጠጋ ብሎ በስልኩ መብራት አጥንቶ፣ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ከዛ ከኪሱ ብርቱካን አወጣ፣ ላጠው፣ ለሁለት ከፈለው፣ ትልቁን ግማሽ ሰጠኝ።

ጩኸቴን አቆምኩ። በዕድሜው ሳይለመን ለሰው የሰጠው ይሄ የመጀመሪያው ነው። ፊቱን አየሁት፤ እንባ የለም፣ «ውይ» የለም፣ ያ የጥርስ መብራትም አልበራም።

«ምነው ሰጠኸኝ?»

«ስታላምጪ አትጮኺም» አለኝ። «አሁን ንገሪኝ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ይባላል?»

ብርቱካኑን እየበላሁ አስተማርኩት። «ሥራውን አታንሳ፣ እጁን አንሳ። ‹እነዚህ እጆች› በል፣ ከዛ ዝም በል፣ ሌላውን እነሱ ይጨርሱታል።» ጻፈ። ሊፍቱ ነቅነቅ አለ፣ ወረደ፣ በሩ ተከፈተ። ሳያመሰግነኝ፣ ሳያየኝም፣ «እነዚህ እጆች» እያለ በሩጫ ወጣ።

አግዳሚዋ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ልክ ነው። ሰው ከየበሩ ወጥቶ ከበበኝ፣ «እማማ ተሻለዎት!» «በጸሎታችሁ» አልኩ። መምህሩ አጠገቤ ቁጭ አለ። «የእህትዎ ልጅ ግን» አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ፣ «እንዴት ያለ ሆደ ቡቡ ነው! እንዲህ ያለ ለሰው የሚያዝን አይቼ አላውቅም።»

እዚህ ላይ ነው የተፈተንኩት። ከዚህ ሕንፃ ወሬ ሁሉ ትልቁ፣ ከነጃንጥላው፣ ከነቁም ሳጥኑ፣ ከነዕድሜው፣ አፌ ውስጥ ነው ያለው። ካወራሁት ደግሞ የምሞት አለመሆኔ ይታወቃል፣ ኃላፊውም ሊፍቱን አጥፍቶ ቁልፉን ይጨብጣል። ምላሴን ነክሼ «አዎ፣ ሆደ ባሻ ነው» አልኩ።

እስከ ምሳ ሰዓት ቻልኩ።